ላምባ፣ ከሰልና መጽሐፍ የምታመላልሰው መርከብ

ስለ ባሕር መብራት ማማዎች ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማማው ይወራለታል። ጠባቂው ይወራለታል። ማዕበሉማ አይቀርም። ግን ያ መብራት የሚነደው በላምባ ነበር፤ ላምባውን ማን አመጣው? ጠባቂውና ልጆቹ የሚበሉትን ዱቄትስ? የብርዱን ወራት የሚሞቁበትን ከሰል ከጀልባ አንስቶ ገደል አናት ላይ ያወጣው የማን ትከሻ ነው? ዛሬ የምጽፈው ስለነዚህ ሰዎች ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለማማዎቹ ስንቅ ስለሚያመላልሱት መርከቦች፣ ስለ ሠራተኞቻቸው፣ እንዲሁም የመርከቧን ጭስ ከሩቅ ለማየት ዓይናቸው እስኪንከራተት ስለሚጠብቁት ቤተሰቦች።

በዚያን ዘመን ማማዎቹን የሚያስተዳድረው የመብራት ማማዎች አገልግሎት የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ከ1910 እስከ 1935 የመራው ጆርጅ ፑትናም ነው። ለመርከቦቹ የሚወጣላቸው የዛፍና የአበባ ስም ነበር፦ ሴኮያ፣ ማንዛኒታ፣ ኦርኪድ፣ ኩኩይ፣ ሴዳር። በ1908 ከተሠሩት እህትማማች መርከቦች እያንዳንዷ 58 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። የሚሄዱት በእንፋሎት ነው። ከፊት ለፊታቸው ትልቅ ክሬን አላቸው። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩትን ተንሳፋፊ ምልክቶች ከነሰንሰለታቸው ከባሕር የሚያወጡት በዚያ ክሬን ነው። ብረቱ ላይ የተጣበቀው የባሕር ዛጎልና አረንጓዴ ዝቃጭ ተፍቆ ይነሣል፣ ምልክቱ ቀለም ይቀባል፣ ተመልሶ ባሕር ላይ ይጣላል። ሰንሰለቱ ከተፈናጠረ እግር ይቆርጣል። ከባድ ሥራ ነው፤ ደግሞም ማንም አያየውም።

የባሰው ግን ስንቅ ማድረሱ ነበር። ብዙዎቹ ማማዎች ወደብ የላቸውም። መርከቧ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ጀልባ ትወርዳለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው በመርከበኛው ክንድና በፈጣሪ እጅ ነው። ኦሪገን ጠረፍ አጠገብ ቲላሙክ የምትባል ቋጥኝ አለች፤ ማማዋ የበራው በ1881 ነው። ዙሪያዋን ገደል ስለሆነች ጀልባ አይጠጋትም። ታዲያ ሰው እንዴት ይወጣል? በነፍስ ማዳኛ ቀለበት ላይ የሸራ ሱሪ ይሰፋል። ሰውየው ሁለት እግሩን ሱሪው ውስጥ ይከታል፣ ቀለበቱን በብብቱ ሥር ይይዛል፣ ከላይ ያለው ክሬን ገመዱን ይስባል። ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር ስትነሣና ስትወድቅ፣ ልክ ወደ ላይ ስትነሣ ካልተሳበ ቀጣዩ ማዕበል እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ለሥራ የወጣ አዲስ ጠባቂ መጀመሪያ የሚማረው ይሄን ነው። ያች ቋጥኝ ሚስትና ልጅ ይዞ መኖሪያ አልነበረችም፤ ማንም ቢያያት ምክንያቱ ይገባዋል።

ከሳን ፍራንሲስኮ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብለው ያሉት የፋራሎን ደሴቶች ላይ ግን ቤተሰብ ይኖር ነበር። ልጆች እዚያ አድገዋል። እዚያም ቢሆን እናትና ሕፃን ወደ መሬት የሚወጡት በክሬን እየተንጠለጠሉ ነው። እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ የክሬኑ ሠራተኛ ነው። በአንድ ቀን ከሰል ያነሣል፣ የላምባ ሣጥን ያነሣል፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው መንጠቆ የሰው ልጅ ያነሣል። እጁ ለአፍታ ቢሳሳት ምን እንደሚከተል እያወቀ ያን ሁሉ ዓመት መሥራት እንዴት ያለ ጽናት ይጠይቃል?

ቤተሰቦች መርከቧ ላይ የሚሳፈሩት ብዙውን ጊዜ አባትየው ሲዛወር ነው። ከነጓዝ ጉዝጓዛቸው ነው የሚሄዱት፦ አልጋ፣ ምድጃ፣ የልብስ ሣጥን፣ ዶሮ፣ አንዳንዴም ላም። መርከቧ ደግሞ ለእነሱ ብላ ቀጥ ብላ አትሄድም። መንገድ ላይ ሌላ ማማ ካለ ትቆማለች፣ የሚነሣ ተንሳፋፊ ምልክት ካለ ትቆማለች። ልጆቹ ባሕሩ እያጥወለወላቸው፣ እናታቸው የት እንደሚያርፉ በቅጡ ሳታውቅ፣ መርከበኞቹ ትኩስ ነገር እያቀረቡላቸው ይጓዛሉ። መርከበኞቹም የራሳቸውን ሚስትና ልጆች ወደብ ላይ ትተው የመጡ ናቸው። ይሄን ማንም ልብ አይለውም።

መርከቧ መጣች ማለት ተቆጣጣሪም መጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪው ተሳፍሮ ከሆነ መርከቧ ላይ የእሱ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይታመሳል። ናሱ ይወለወላል፣ መስታወቱ ይጠረጋል፣ የልጆቹ ፊት ይታጠባል። ሰውየው የሚያየው ማማውን ብቻ አይደለምና። መኖሪያ ቤቱንም፣ ወጥ ቤቱንም ያያል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ያናድደኛል። ሚስትየዋ አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝ የላትም፣ ባሏ ሲታመም መብራቱን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት። ፍተሻው እሷም ጋ ይደርሳል፣ ክፍያው ግን አይደርስም።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ነገር ልምጣ። ከ1876 ጀምሮ መርከቦቹ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያዞሩ ነበር። ጠንካራ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሁለት በር አለው፤ ሲከፈት ራሱ መደርደሪያ ይሆናል። ውስጡ 40 ያህል መጽሐፍ ይይዛል፦ ልቦለድ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ከጥቂት ወራት በኋላ መርከቧ ስትመለስ የተነበበው ሣጥን ይወሰዳል፣ ከሌላ ማማ የመጣ ሣጥን ይቀመጣል። ስለዚህ ደሴት ላይ ያለችው ልጅ የምታነበውን መጽሐፍ ከእሷ በፊት ሌላ ቋጥኝ ላይ ያለች፣ አይታት የማታውቃት ልጅ ገልጣዋለች ማለት ነው። መርከበኛው ደግሞ ያን ሣጥን ከከሰሉ እኩል ተሸክሞ፣ ከማዕበሉ አድኖ፣ ሳያረጥብ ያደርሳል። የዚያ ሰው ውለታ ለኔ ከመምህር ውለታ አያንስም።

አላስካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ዩኒማክ ደሴት ላይ የነበሩት ሁለቱ ማማዎች፣ ስኮች ካፕና ኬፕ ሳሪቼፍ፣ ከሰው እጅግ የራቁ ስለነበሩ ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይፈቀድም ነበር። ጠባቂዎቹ በየአራት ዓመቱ አንድ ዓመት ሙሉ ዕረፍት ይሰጣቸው የነበረው ለዚያ ነው። በዚያ አካባቢ ባሕር ላይ ትሠራ የነበረችው ትልቋ መርከብ ሴዳር ናት፤ በ1917 የተሠራች። ገና በዓመቷ፣ በጥቅምት 1918፣ ፕሪንሰስ ሶፊያ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ጁኖ አጠገብ ዓለት ላይ ወጥታ ስትቀር ሴዳር ከካፒቴን ጆን ሌድቤተር ጋር ለእርዳታ ደረሰች። ማዕበሉ ግን ሰው ለማውረድ አላስቻለም። መጠለያ ፈልጋ ዞር ባለችበት፣ ከሶፊያ የድረሱልን ጥሪ በሬዲዮ መጣ። ሴዳር በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ወጣች፣ ምንም አይታያትም፣ ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት የሚታየው የሶፊያ ምሰሶ ብቻ ነበር። ከ340 በላይ ሰው አለቀ። ሴዳር ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ ሁሉ በዚያው ውኃ ላይ መብራትና ምልክት ስትጠብቅ ኖራለች።

ደስ የሚለውን ልንገራችሁ ደግሞ። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ ኪላዌያ የሚባል ማማ አለ፤ በ1913 ነው የበራው። ገደል አናት ላይ ስለሆነ የማማው ዕቃ ከኩኩይ መርከብ በጀልባ እየመጣ በክሬን ወደ ላይ ይሳብ ነበር። በሰኔ 1927 ሜትላንድና ሄገንበርገር የሚባሉ ሁለት የጦር ሠራዊት አብራሪዎች ከካሊፎርኒያ ተነሥተው ሃዋይ ለመድረስ በረሩ። ከዋናው ምድር ተነሥቶ እዚያ የደረሰ አውሮፕላን እስከዚያ ድረስ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ከበረሩ በኋላ ንጋት ሳይቀድ ከፊታቸው አንድ መብራት አዩ። ኪላዌያ ነበር። ያሉበትን አወቁ፣ እስኪነጋ ሰማይ ላይ ዞሩ፣ ከዚያ ኦዋሁ የሚባለው ሌላው የሃዋይ ደሴት ላይ አረፉ። ወደ 26 ሰዓት የሚጠጋ በረራ ነው። ጋዜጣው የአብራሪዎቹን ስም ጻፈ፤ ይገባቸዋልም። ማማው ግን ያኔ ገና ኤሌክትሪክ አልገባለትም፤ ያ ያዩት ብርሃን የላምባ ብርሃን ነው። ላምባውን ገደል ያስወጡትን መርከበኞች ስም የጻፈ ጋዜጣ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

ዘመኑ መለወጥ የጀመረውም በዚያው ጊዜ ነው። በ1921 በብርሃን ፈንታ የሬዲዮ ምልክት የሚልኩ የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ኒው ዮርክ መግቢያ አካባቢ ሥራ ጀመሩ፤ በጉም ውስጥ መርከብ አቅጣጫዋን በሬዲዮ ማወቅ ቻለች። ኤሌክትሪክም ቀስ በቀስ እየገባ መጣ። በ1939 መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጋር ተዋሐደ።

ሲያትል ያላችሁ ወገኖች ዲስከቨሪ ፓርክ ስትሄዱ ዌስት ፖይንት ላይ ያለውን ትንሽ ማማ ሳታዩት አትቀሩም። ልጆቻችሁን ስትወስዱ የላምባውንም የመጽሐፉንም ታሪክ ንገሯቸው። እኔ አሁን የምፈልገው ደግሞ የኛን ነው። ምጽዋና አሰብ ላይ፣ ወይም ዳህላክ አካባቢ፣ ለመብራትና ለምልክት ሥራ በጀልባ ስንቅ ያመላለሰ አባት ወይም አያት ያላችሁ ካላችሁ፣ ምን ይጭኑ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይወጡ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ማን ይጠብቃቸው እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ፎቶ ካለም ላኩ።