መርፌው 80 ሲል

የአሮጌዋ ጭነት መኪናዬ ፍጥነት መለኪያ ሁለት ሕመም ይዞት ከረመ። ከ40 በታች ስነዳ መርፌው ይርገበገባል፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ መርገብገቡን ትቶ ጸጥ ይላል፣ ነገር ግን የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ምንጫቸው አንድ መስሎኝ ነበርና፣ ጋራዥ ውስጥ «ማግኔቱ ደክሟል፣ ሙሉውን ቀይረው» ስባል ለማመን አልተቸገርኩም። ግዢውን ያዘገየሁት ዳሽቦርዱን ከመፍታቴ በፊት አሠራሩን በደንብ ለመረዳት ስለፈለግሁ ብቻ ነው።

ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ አሠራር ቀላልነቱ ያስደንቀኛል። ከካምቢዮው የሚነሳው ኬብል ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱን የከበበውና ከመርፌው ጋር የተያያዘው የአሉሚኒየም ጽዋ ከማግኔቱ ጋር ሳይነካካ፣ በሚፈጠርበት የኤሌክትሪክ ጅረት ምክንያት አብሮ ለመዞር ይሞክራል፤ ፀጉር የምታክል ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ማግኔቱ ከደከመ መርፌው አሳንሶ ያሳያል፣ ሞላዋ ከላላች አብዝቶ ያሳያል። ኪሎሜትር ቆጣሪው ግን ከማግኔቱም ከሞላውም ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከዚያው ኬብል በጥርስ ተያይዞ ዙሩን በቀጥታ ይቆጥራል። ስለዚህ ቆጣሪው ትክክል ሆኖ መርፌው ብቻ ከተሳሳተ ጥፋቱ መለኪያው ውስጥ ነው፤ ሁለቱም በእኩል መጠን ከተሳሳቱ ግን መለኪያው የተነገረውን በታማኝነት እየደገመ ነውና ጥፋቱ ከኬብሉ በታች መፈለግ አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት የርቀት ምልክት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወጣሁ። መርፌውን 60 ላይ አስይዤ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ በሰዓት መቁጠሪያ ሲለካ፣ 60 ሰከንድ ሊፈጅ የሚገባውን አንድ ኪሎሜትር በ54 ሰከንድ ጨረስነው። በምልክቶቹ 20 ኪሎሜትር ስንሄድ ደግሞ ቆጣሪው የመዘገበው 17.9 ብቻ ነበር። ሁለቱም ከመቶ አሥር ገደማ ጎድለዋል፤ ማግኔቱ ያለ ጥፋቱ ተከሷል ማለት ነው።

መርገብገቡን በቅድሚያ ጨረስኩት። ኬብሉን ከላይ ፈትቼ የውስጡን ሽቦ ስስበው ደርቆ፣ የቀድሞው ግራሶ ጥቁር ቅርፊት ሆኖበት ወጣ። በነጭ ጋዝ አጥቤ በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በመዳፌ ሳንከባልለው፣ ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ያለው ቦታ በየዙሩ ከጠረጴዛው ብድግ እያለ ጠብ ይል ነበር። ዓይን የማያየውን መጣመም መዳፍ ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ሽቦ በቀስታ ሲዞር በሽፋኑ ውስጥ ይያዝና ይጠመዘዛል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ መርፌው የሚዘለው ያን ጊዜ ነው። የተጣመመ ሽቦ ስለማይቃና አዲስ ገዛሁና የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ቀጭን ግራሶ ቀባሁት። የላይኛውን ጫፍ ደረቅ የተውኩት ቅባት በሽቦው ጥምዝ እየተሳበ ወደ መለኪያው ወጥቶ ጽዋውን እንዳያጣብቀው ብዬ ነው።

የማነሱ ምክንያት የተገኘው ከመኪናው ሥር ነው። ኬብሉ ካምቢዮው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ለማየት በጀርባዬ ተኝቼ ሳለ ስኮርታው ላይ ዓይኔ አረፈ፤ መጠኑ 215/75 በ15 ይላል። እግሯ ላይ ያሉት አራቱ ጎማዎች ግን 31 ኢንች ናቸው፤ መኪናዋን ስገዛ እንዲሁ ሆነው ስለጠበቁኝ የፋብሪካዋ መስለውኝ ነበር። ስኮርታው ቁመቱ 70 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲሆን 31 ኢንች 78.7 ሴንቲሜትር ነው፤ ትልቁ በአንድ ዙር 12 ከመቶ ያህል ይርቃል፣ ካምቢዮው ግን አሁንም የድሮውን ጎማ ያውቃል። መርፌው 80 ሲል የምሄደው ወደ 90 ነበር። የማቆሚያ ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ያን ያህል ጊዜ ጭነት ይዤ ፍሬኑን ከማስበው ሩብ ያህል በላይ እያደከምኩት መንዳቴ እስካሁን ይከነክነኛል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ፍጥነት መለኪያ በተወሰነ መጠን አብዝቶ እንዲያሳይ ሲፈቅድ ከእውነተኛው አሳንሶ እንዲያሳይ ፈጽሞ የማይፈቅደው፣ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መፍትሔው የኬብሉን ጫፍ የምታዞረው የፕላስቲክ ጥርስ (ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር) ናት። አንድ ብሎን ፈትቼ ስስባት ጥቂት የካምቢዮ ዘይት አንጠባጥባ ወጣች፤ ጥርሶቿን በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ 20 ናቸው። በ18 ብትተካ ኬብሉ በ11 ከመቶ ይፈጥናል፤ ከጎማው ልዩነት የሚቀረው አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። የጥርሱ ቁጥር ሲቀንስ ስፋቷም ስለሚቀንስ፣ ከመግጠሜ በፊት ከውስጠኛው ጥርስ ጋር በትክክል መናከሷን በእጄ እያዞርኩ አረጋገጥኩ።

ትናንት በዚያው መንገድ በ60 አንዱን ኪሎሜትር በ60 ሰከንድ ገደማ ጨረስነው፤ ከ20 ኪሎሜትር ቆጣሪው 19.9 ጻፈ፣ መርፌውም ከ40 በታች ረጋ። የቀረኝ የዘይት መዝገቤን ማረም ነበር፤ 5,000 ኪሎሜትር ሞላ እያልኩ የቀየርኩት ዘይት በእርግጥ 5,600 ያህል ሄዶ ነበርና፣ ጥርሷን የቀየርኩበትን የቆጣሪ ቁጥር በቀይ ጽፌ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በ500 ኪሎሜትር አስቀደምኩት።