ስድስት ትንንሽ ቀዳዳዎች

ዛሬ ቀኔን የፈጁት፣ ከጀልባዬ የፋይበርግላስ አካል ላይ አንድ አሮጌ መያዣ ስነቅል የቀሩት ስድስት የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው። ስጀምር የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አፋቸው ላይ ስቱኮ ለጥፎ ማለፍ ቀዳዳውን መሸፈን እንጂ መድፈን አይደለም። ውስጥ የቀረ የሲሊኮን ማሸጊያ፣ ቀዳዳውን የሚሞላው ኤፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ የሚደርቅ ሙጫ) እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ውኃም ቀጭን ክፍተት ካገኘ ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው ንብርብር ይዘልቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ጠርጌ፣ ሙሌቱ የሚይዝበት ስፋት እንዲያገኝና የጄልኮቱ (የጀልባው የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን) ጠርዝ እንዳይሰነጠቅ አፉን በሰያፍ ሞረድኩት፤ ከዚያም በአሴቶን አጽድቼ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። በመጀመሪያ የቀባሁት ምንም ያልተጨመረበት ቀጭን ኤፖክሲ ነው፤ የተጋለጡት የፋይበርግላስ ክሮች ይህን ካልጠጡ ፈሳሹን ከወፍራሙ ሙሌት ላይ ስለሚመጥጡት፣ መጋጠሚያው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ በሲሊካ ዱቄት ያወፈርሁትን ኤፖክሲ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከታች ወደ ላይ ሞላሁ።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ግን (ትዕግሥት አልቆብኝ ነበርና) ከላይ በመጫን ስለሞላሁት አየር ታፍኖበት ማታ ላይ ሰርጉዶ አገኘሁት። እርሱ እንደገና ይሞላል። የቀሩት አምስቱ ከፍ ብለው ደርቀዋል፤ ነገ ገጻቸው ላይ የወጣውን ሰም መሰል ቅባት በውኃ አጥቤ፣ በ80 ከዚያም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ ጄልኮት እቀባቸዋለሁ።