ከቢሮው በፊት ኢንጂነሩን፦ ድሬዳዋ ላይ የውሃና ፍሳሽ ኮንትራክተር ፈቃድ ያወጣሁበት መንገድ

ድሬዳዋ ላይ 11 ዓመት ቧንቧ የዘረጋሁት በሰው ፈቃድ ነው። ጨረታውን ሌሎች ያሸንፋሉ፤ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር ጉድጓድ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያ ሁሉ ይመሰክራል። አሮጌ የብረት ቧንቧ ስቆርጥ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሆኖ፣ ትንሿ ጣቴ እንኳ በግድ የምትገባበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶት ያየሁት ስንቴ ነው! ይህን ሁሉ እያወቅሁ እስከ መቼ በሰው ስም እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ቀላል ቀላሉን ልለፈው። ቲን ቁጥር በአንድ ጠዋት አለቀ። ንግድ ምዝገባም አላስቸገረኝም። ፓምፑንና የመቁረጫ ማሽኑን በደረሰኝ አቀረብኩ። ብቻ ማለዳ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩም አለ፣ በርጫውም አለ።

ያቃጠለኝ የኢንጂነሩ ጉዳይ ነው።

የብቃት ማረጋገጫ ከሌለ የንግድ ፈቃድ የለም። ብቃት የሚሉት ደግሞ የእኔን 11 ዓመት አይደለም፤ የተመዘገበ ባለሙያ ከነቅጥር ውሉ ነው። የሰጡኝ ዝርዝር ላይ ግን ተራ ቁጥር 1 የቢሮ ኪራይ ውል ነበር። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ከ1 ጀመርኩ። ሳቢያን አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ የ6 ወር ቀብድ ከፈልኩ፣ ማኅተም አስቀረጽኩ።

ከዚያ ደላላ መጣ። "ሰውዬው አይመጣብህም፣ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ በየወሩ ትከፍለዋለህ።" እውነቱን ልናገር፣ ተስማማሁ። ሰነዱ ሲገባ ሰውዬው በሌላ ኮንትራክተር ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ደላላው ስልኩን አጠፋ። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ራሴ ነኝ።

ሁለተኛውን በወጉ ቀጠርኩ። ልጁ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ፣ ከአዲስ አበባ፣ መልቀቂያ ይዞ መጣ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ዲግሪውንና መልቀቂያውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጣቱን የልጁ አያት ስም ላይ አሳረፈ።

"ይሄ በጸሎቱ ጸ ነው። ይሄ በፀሐዩ ፀ ነው።"

"አቦ፣ አንድ ሰው እኮ ነው!"

"ለእኔ ሁለት ሰው ነው። የጻፈው ያርመው።"

መታወቂያ አሳየነው፣ ልጁ ራሱ ፊቱ ቆሞ ነበር። ወይ ፍንክች! አዲስ አበባ ያለው ድርጅት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ መስክ ነው፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ትኬቱን የምችለው እኔ ነኝ። በአንድ ፊደል 3 ወር ሄደ። እስከዚያ የቢሮው ቀብድ አለቀ። አከራዬ እማማ "ልጄ፣ ሥራ ጀመርክ?" እያሉ በአቧራው ላይ ውሃ ይረጩልኛል፣ ኪራዩን ግን አይረሱም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ሥሩት። መጀመሪያ ኢንጂነሩ። ከዚያ ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ሀሌታውንም ሐመሩንም። ቢሮ በመጨረሻ። "አሟልተህ ና" ይሏችኋል፤ እኔ ግን ጎዶሎውን ይዛችሁ ሂዱ ነው የምለው። እንከኑን ቀድመው ያሳዩአችሁ።

የወረቀት ኢንጂነርም አትከራዩ። የፍሳሽ መስመር ቁልቁለት ሁሌ በዓይኔ ነበር የምመትረው። በመጀመሪያው ሥራችን ልጁ በሌቭል፣ በከፍታ መለኪያው መሣሪያ፣ ለካና መሃል ላይ ሽቅብ መውጣቴን አሳየኝ። በ10 ሜትር 20 ሳንቲ መውረድ የነበረበት ቧንቧ ነው። 11 ዓመት ስንት ሰው ግቢ ውስጥ እንዲህ ቀብሬ እንደሄድኩ እንጃ።

ማረጋገጫው ሲሰጠኝ ፈርሜ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገልጬ አየሁት። የአባቴ ስም በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። እነሱ በሀሌታው ሀ ጽፈውታል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሹፌሩን "ንዳው" አልኩት።