ከመሳቢያ የወጣው አይፖድ

ዛሬ መሳቢያ ሳጸዳ የድሮው አይፖዴ (የአፕል ኪስ የሚገባ ሙዚቃ ማጫወቻ) እጄ ገባ። ቻርጅ ላይ ሰካሁት፣ ነቃ! ከኮምፒውተር ሦስት ፖድካስት ጫንኩበትና ስልኬን ቤት ትቼ ወጣሁ።

ጉድ እኮ ነው፤ መሃል ላይ የሚደውል የለ፣ ሜሴጅ የለ። ክቧን ዊል በአውራ ጣቴ ሳሽከረክራት ያቺ ጠቅ ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ... ለካ ናፍቃኝ ኖሯል። ሰው ሲያወራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ የሰማሁት መቼ እንደነበር እንጃ።

(«ፖድካስት» የሚለው ስም ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «ፖድ» የመጣችው ከዚሁ ከአይፖድ ነው። አፕል ግን በ2022 ማምረቱን አቁሟል።)

ያናደደኝ አንድ ነገር፦ ፋይሎቹን እንደ ዘፈን ስለጫንኳቸው ያቆምኩበትን አያስታውስም። 40ኛው ደቂቃ ላይ አጥፍቼ ስመለስ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ከሀ ጀመረ። ጣቴ እስኪዝል ወደፊት ገፋሁት።