የገዛ ጠመንጃዬን ለምን እጠብቃለሁ?

ዳላስ አካባቢ ፓውን ሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። ለማያውቀው፣ ሰው ዕቃውን አስይዞ ገንዘብ የሚበደርበት ሱቅ ነው። ወርቅ ይመጣል፣ ጊታር ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። አገሩ ቴክሳስ ነውና ጠመንጃም ይመጣል።

ወርቁን ያስያዘ ሰው ብድሩን ከፍሎ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ጠመንጃ ያስያዘ ግን የራሱን ጠመንጃ ለማስመለስ እንደ አዲስ ገዢ ፎርም ሞልቶ፣ መሣሪያ ከመያዝ የተከለከለ አለመሆኑ በኤፍቢአይ ተጣርቶ ነው የሚወስደው። የሚገርመው ደግሞ ያንኑ ጠመንጃ ለጥገና ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ሲቀበል ማጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ለምን ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር። ጋሼ የምላቸው ጋዝ ስቴሽን ያላቸው የአገሬ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን። ከዓመታት በፊት ሱቃቸው ሲዘረፍ አንድ ሾትገን ገዙ። አገር ቤት ያሉ እህታቸው ታመው ገንዘብ በአስቸኳይ ሲያስፈልጋቸው ያንኑ ሾትገን አምጥተው እኛ ጋ አስያዙት። ሌበር ዴይ ከሚባለው የሰኞ በዓል በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት ብራቸውን ይዘው መጡ። ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ትተው ስለመጡ ቸኩለዋል።

ባንኮኒው ላይ የነበረው ባልደረባዬ ፎርሙን እየሰጣቸው «አምስት ደቂቃ ነው» አላቸው። ለመጣው ሁሉ የሚላት ነገር ናት። ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትሠራለች። ከ10 ጥያቄ ለ9ኙ ያህል መልሱ ወዲያው ነው የሚመጣው። እኛ ስማቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውንና የትውልድ ቦታቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እናስገባለን፤ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ክላርክስበርግ ያለው የኤፍቢአይ ማዕከል መዝገቦቹን አገላብጦ «ይለፍ»፣ «ይቆይ» ወይም «አይቻልም» ይላል። የጋሼ መልስ «ይቆይ» ሆነ። በሱቁ ቋንቋ ዲሌይ።

ከእሳቸው ኋላ የመጣ፣ ለአጋዘን አደን የሚዘጋጅ ጎረምሳ ግን ጠመንጃውን ገዝቶ፣ ፈርሞ፣ እያፏጨ ወጣ። ጋሼ እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼ አሁን ምንድን ነው?»

«መልሱ ዘግይቷል ጋሼ። ተከለከሉ ማለት አይደለም።»

«ያኛውስ?»

«የሱ ወዲያው መጣለት።»

«የኔ የራሴ ነው እኮ! የገዛ ጠመንጃዬን ለምን እጠብቃለሁ? መልኬን አይተው ነው አይደል?»

ክላርክስበርግ ያለው ሰው ፎቶ አያይም። ሆኖም ፎርሙ ላይ ዘር የሚል ሳጥን እንዳለ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። እዚህ አገር ለኖረ ጥቁር ሰው ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስለዚህ «ኧረ እንደሱ አይደለም» ብዬ ላልፈው አልፈለግኩም። እንደ እድል ሆኖ መልሱን ከአጠገባችን ቆሞ የነበረ ደንበኛ ሰጠልኝ። ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው፤ ስሙን ጠርተህ ብትጣራ ግማሽ ቴክሳስ አቤት ይላል። በመጣ ቁጥር ዲሌይ ይሆናል። ቡናውን እየጠጣ «እንኳን ወደ ማኅበራችን በሰላም መጡ» አላቸው። ጋሼ አልሳቁም።

ለምን እንደዘገየ ኤፍቢአይ ለሱቁ አይነግርም። እኛም ብንጠይቅ አናገኝም። ከሥራው የምናውቀው ግን አለ። አንደኛው የስም መመሳሰል ነው። የጋሼ ስምም የአባታቸው ስምም ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ነው፤ በዚያ ስም በዚህ አገር ስንቱ እንደታሰረ መገመት አያቅትም። ፎርሙ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለየሰው የሚሰጠውን መለያ) መጻፍ ግዴታ ስላልሆነ ደግሞ ባዶ ትተውት ነበር። እኛ ሐበሾች ግዴታ ካልሆነ ሶሻላችንን ለማንም አንሰጥም፤ ክፉ አመል አይደለም፣ እዚህ ላይ ግን ይጎዳል። ያቺ ቁጥር ናት ከስም ሞክሼህ የምትለይህ።

ሁለተኛው፣ እኔ እንደማየው የባሰው፣ ያልተዘጋ መዝገብ ነው። ማናጀራችን ጋሼን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። በዚህ ሥራ ያረጀች ሴት ናት። «በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ ታስረው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ በአማርኛ ለእኔ ነገሩኝ። ድሮ ታክሲ ሲነዱ አልከፍልም ካለ ተሳፋሪ ጋር ተያይዘው ፖሊስ ሁለቱንም ወሰዳቸው። ዳኛው ክሱን ዘጋው። ጉዳዩ እዚያው ያለቀ መስሏቸው ኖረዋል።

ማናጀሯ ራሷን ነቀነቀች። ፖሊስ ሲያስርህ አሻራህ ወደ መዝገብ ይገባል። ክሱ መዘጋቱን ግን ፍርድ ቤቱ ካላሳወቀ፣ መዝገቡ ላይ «ታስሯል» የሚለው ብቻ ቁጭ ይላል። ያኔ የኤፍቢአይ ሠራተኛ ፍርድ ቤቱን ወይም ፖሊስ ጣቢያውን ጠይቆ የጉዳዩን መጨረሻ ማግኘት አለበት። አንዱ ካውንቲ፣ ማለትም አውራጃ፣ በሰዓታት ይመልሳል። ሌላው ፋይሉ ምድር ቤት ነው፣ ሠራተኛዋ እረፍት ላይ ናት ይላል። ቀኑን የማናውቀው ለዚህ ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ስገዛው ምን ሆነው ዝም አሉኝ?» አሉ ጋሼ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ መሣሪያ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ነበራቸው። ቴክሳስ ውስጥ ያ ፈቃድ ያለው ሰው ከሱቅ መሣሪያ ሲገዛ ይህ ማጣሪያ አይደረግበትም፤ ፈቃዱን ሲያወጣ ተጣርቷላ። ከ2021 ወዲህ ግን ያለ ፈቃድም መያዝ ስለተፈቀደ፣ እንደ ብዙው ሰው እሳቸውም ሳያድሱት ቀሩ።

አሁን ስንት ቀን? ሕጉ ለኤፍቢአይ 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ዓርብ ራሱ አይቆጠርም። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም። ሰኞ ሌበር ዴይ ነው፣ አይቆጠርም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። መልስ ካልመጣ ሱቁ ከፈለገ ዓርብ ሊሰጣቸው ይችላል። «አምስት ደቂቃ» ሳምንት ሆነች ማለት ነው። ማናጀሯ ብድሩን ተቀብላ፣ ወለዱ እንዳይቆጥርባቸው ደረሰኝ ሰጥታ፣ ሾትገኑን ካዝና ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ገዢማ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 10 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል።

ዓርብ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ጋሼ በር ላይ ነበሩ። መልስ አልመጣም። ማናጀሯም አልሰጥም አለች።

«ሕጉ ይፈቅዳል ብለሽኝ አልነበር?» አሉኝ።

ብዬ ነበር፤ እውነትም ይፈቅዳል። ግን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ማናጀሯ መልስ ሳይመጣ መሣሪያ አውጥታ አታውቅም። ምክንያቷን ስትናገር ሁልጊዜ ቻርለስተንን ነው የምታነሳው። በሰኔ 2015 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ 9 ጥቁር ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው እንዲህ ነበር። መልሱ ዘገየ፣ 3ቱ የሥራ ቀን አለፈ፣ ሻጩም በሕጉ መሠረት ሰጠው። መረጃው ነበር፤ ጥያቄው የሄደው ግን ጉዳዩን ወዳልያዘው ቢሮ ነው። የያኔው የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጀምስ ኮሚ ልጁ መሣሪያውን መግዛት እንዳልነበረበት በአደባባይ አምነዋል። ይህን ለጋሼ በአማርኛ ስነግራቸው «እነዚያ የጸሎት ሰዎች?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ንዴታቸው ግን አልበረደም። እኔም አልፈረድኩባቸውም። አንድ ጊዜ የተዘረፈ ሰው ሌሊት ሱቅ ሲዘጋ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ይለፍ የሚለው መልስ ሰኞ ከሰዓት መጣ። ደወልኩላቸው። መጥተው ሌላ ነገር ገጠማቸው፤ ፎርሙ የተሞላበትና መሣሪያው የሚወጣበት ቀን ከተለያየ ገዢው እንደገና ማረጋገጫ መፈረም አለበት። እስክሪብቶውን ሲቀበሉኝ የሰጡኝን አስተያየት አልጽፈውም።

ጋሼ አንዴ ካለፉ በቃ ይመስላቸው ነበር። አይደለም። የጸደቀ ሰው የማጣሪያ ዝርዝር በ24 ሰዓት ውስጥ ከሲስተሙ እንዲጠፋ ሕጉ ያዛል። መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን መዝገብ እንዳይሠራ ተብሎ ነው። ለነፃነት የተደረገው ነገር ጡረተኛውን ፈረንጅ በመጣ ቁጥር ቡና ያስጠጣዋል፤ ባለፈው ያጣሩትን ሰው አያስታውሱትማ። መውጫው አሻራ ልኮ መረጃዬን ያዙልኝ ብሎ በፈቃደኝነት ማመልከት ነው። ያኔ ዩፒን የሚባል የግል ቁጥር ይሰጣል፤ ፎርሙ ላይ መሙያ ቦታ አለው። ጋሼ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄደው ክሱ መዘጋቱን የሚያሳይ ማህተም ያለበት ወረቀት አወጡ፤ ማመልከቻውን አብረን ሞላነው።

ሱቃችን ውስጥም አንዳንድ ነገር ተቀይሯል። ባልደረባዬ «አምስት ደቂቃ» ማለት ተከልክሏል፤ አሁን «መልሱ ሲመጣ» ነው የሚለው፣ ፊቱ ባይወደውም። ሰው ጠመንጃ ሲያስይዝ፣ ሲመልስ ማጣሪያ እንዳለበት ገንዘቡን ሳይቀበል እንነግረዋለን። በዓል ሲቃረብ ቀኑን ካላንደር ላይ አብረን እንቆጥራለን። ወረፋው ከእኛ እጅ ውጭ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ በአንድ ወር ብቻ ከ3.7 ሚሊዮን በላይ የማጣሪያ ጥያቄ ክላርክስበርግ ደርሷል። ያን ወር ማናጀሯ ስታነሳው እስካሁን ግንባሯን ትይዛለች።

ጋሼ አሁንም ደንበኛችን ናቸው። ገንዘብ ሲያጥራቸው ግን ጄኔሬተራቸውን ነው የሚያስይዙት።