ስም ያልነበረው ጅብ

ቅዳሜ ማታ ጅቡ ሞተ። የከነከነኝ መሞቱ አይደለም፤ ማንም ምንም አለማለቱ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ቤቴ ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወተውን የተረት ጨዋታ እንጫወታለን። የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ፤ ታሪኩን እተርካለሁ፣ ጭራቆቹንም አንቀሳቅሳለሁ። የአጎቴ ልጅ የያዘችው ገጸ ባሕርይ ሬንጀር ነው፦ ዱካ የሚያነብ፣ ቀስት የሚወረውር፣ አውሬ አስከትሎ የሚጓዝ የዱር ተዋጊ። ተኩላና ነብር ሞልቶላት ጅብ መረጠች። «ሐረር ላይ ከሰው እጅ ይበላ የለም እንዴ?» አለችን። ማደሪያ በገባን ቁጥር ለጅቡም መኝታ ስትጠይቅ፣ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እያልን ስንስቅ ሰነበትን።

የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ነው። በእሱ ሕግ ጅቡ እንዲያጠቃ ለማዘዝ ሬንጀሩ በተራው የሚፈቀድለትን የራሱን ድርጊት ይሠዋል። አምስተኛ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ፣ አውሬው ሲነክስ ጌታው ቀስቱን ይዞ ቆሞ ያያል። እኛ ገና ሦስተኛ ላይ ነን። በዚህ ደረጃ ጅቡ ያለው 12 የሕይወት ነጥብ ሲሆን ኦግር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ ዱላ በአማካይ 13 ይቀንሳል። አንዴ ተመታ፣ አለቀ። ከዚያስ? መጽሐፉ እንደሚለው ጠበኛ ያልሆነ ሌላ አውሬ ፈልጎ 8 ሰዓት አብሮት ማሳለፍ ይበቃል። የአጎቴ ልጅ ዜሮውን በላጲስ አጥፍታ እንደገና 12 ጻፈች። ለጅቡ ስም እንኳ እንዳላወጣችለት ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

በዚህ የተቸገርኩት የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለሙከራ የወጣው ማሻሻያ ለአውሬው የራሱን ተራ ሰጥቶት ነበር። በ2020 ደግሞ የምድር፣ የባሕርና የሰማይ አውሬ የሚል አማራጭ መጣ፤ ትእዛዙም ዋናውን ድርጊት መብላቱን ትቶ አጭሯን ተጨማሪ ድርጊት ብቻ የሚወስድ ሆነ። ሒሳቡ ተስተካክሏል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ካላዘዙት አሁንም ከመንቀሳቀስና ራሱን ከመከላከል ብዙም አያልፍም። የሐረር ጅቦች ባወጡላቸው ስም ሲጠሯቸው ከጨለማው ብቅ የሚሉት ታዝዘው ነው? ሥጋው ስላለ ነው እንጂ። ባይርባቸው አይመጡም።

እሑድ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ሕጉን እንደገና ጻፍኩት። ጅቡ የራሱ ተራ ይኑረው አልኩ። ወዲያው አንድ ችግር ገጠመኝ፦ አንዷ ተጫዋች በአንድ ዙር ሁለቴ ከተጫወተች ሌሎቹ ያኮርፋሉ፤ ልክም ናቸው። የመጽሐፉ ጸሐፊዎች ያን ያህል የቆጠቡት በስስት እንዳልነበረ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ከጣልኩ በኋላ የጅቡን ተራ ከሬንጀሩ አጠገብ ለተቀመጠው ተጫዋች ሰጠሁት። ሬንጀሩ መለመን እንጂ ማዘዝ አይችልም። የጅቡ ሦስት ጠባዮች በወረቀት ተጽፈዋል፦ እሳት ይፈራል፣ አጥንት ካየ ይቆማል፣ የቆሰለ ጓደኛ ጥሎ አይሄድም። ከእነዚህ የሚጋጭ ልመና ሲቀርብለት ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ይጣላል። ከሞተም ሞተ፤ በ8 ሰዓት የሚተካ የለም።

ረቡዕ ሞከርነው። ችቦ ይዘን ዋሻ ልንገባ ስንል ጅቡ የዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ አልገባም አለ። የአጎቴ ልጅ ለመነች፣ ዳይሱ ግን 4 ብቻ ወጣ፤ ልመናው አልሠራም። በመጨረሻ ችቦውን አጥፍተን በጨለማ ገባን፤ ሁለት ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ወደቅን፣ እንደዚያ ስቄም አላውቅ።

አሁን ያስቸገረኝ ጠንቋዩን የሚጫወተው ልጅ ነው። አጠገቧ ስለሚቀመጥ ጅቡ የእሱ ሆኗል፤ የራሱን አስማት ረስቶ የጅቡን ተራ ይጠብቃል። ጭራሽ ሳያማክራት ስም አወጣለት፤ እሷም እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች።