ነጥቦቹ ለምን ፈቀቅ አሉ?

ከመስክ የመጣልንን የውኃ ጉድጓዶች ሼፕፋይል (የቦታ መረጃ የሚይዝ የካርታ ፋይል) በሳተላይት ምስል ላይ ስናነጥፈው ጉድጓዶቹ በሙሉ 200 ሜትር ያህል ፈቀቅ ብለው ታዩ። ኃላፊያችን ጥፋቱን ወዲያውኑ በመስክ ሠራተኞቹ ላይ ጥለው፣ እኔ ሌየሩን (የነጥቦቹን ንጣፍ) እየጎተትኩ ከምስሉ ጋር እንዳገጣጥመው፣ ጸሐፊዋም ለመስክ ቡድኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድታዘጋጅ አዘዙ።

ከጎኔ የጂአይኤስን (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የማደራጀትና ካርታ የመሥራት ሙያ) መሠረታዊ ነገሮች የምትማር ጀማሪ ባልደረባ ተቀምጣ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «የሰው ስሕተት ቢሆን ነጥቦቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይበተኑ ነበር። እነዚህ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ነው የሄዱት። ዳተሙ ይሆን እንዴ?» ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች በምድር ላይ ከየት ተነሥተው እንደሚለኩ የሚወስን የመነሻ ሥርዓት ነው።

«አንቺ መጀመሪያ ካርታ መሥራት ተማሪ፤ ዳተም በኋላ ይደርሳል» ብለው አለፏት።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተበተነ ስሕተትን በአንድ ወገን ካጋደለ ስሕተት መለየት የሥራችን ዋና ጉዳይ ነው፤ እሷም ማንም ሳያስተምራት ነጥቦቹን በማየት ብቻ ደርሳበት ነበር።

ማኅደሩን ስንፈትሽ የፒአርጄ ፋይሉ፣ ማለትም ዳተሙን የሚናገረው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል፣ የለም። ሼፕፋይል ቅርጹን፣ ማውጫውንና የመረጃ ሠንጠረዡን ከሚይዙት ከኤስኤችፒ፣ ከኤስኤችኤክስና ከዲቢኤፍ ፋይሎች ውጭ ሙሉ አይሆንም፤ ያለ ፒአርጄ ግን ያለ ችግር ይከፈታል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ አሉ፣ በምን ሥርዓት እንደተለኩ የሚናገር ግን የለም። ኃላፊው ክፍተቱን ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ዳተም) ብለው በግምት ሞልተውታል። ወደ መስክ ስንደውል ግን መሣሪያዎቹ ከቀድሞዎቹ ካርታዎች ጋር እንዲስማሙ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ (ዋልታዎቹ ላይ ጠፍጠፍ ያለ የምድር ቅርጽ ሞዴል) ላይ በተመሠረተ የቆየ ዳተም መሞላታቸውን፣ ይህም በመላኪያ ማስታወሻው ላይ መጻፉን ነገሩን። የክላርክ ኤሊፕሶይድ በምድር ወገብ ያለው ራዲየስ 6,378,249 ሜትር ሲሆን የደብሊውጂኤስ 84 ደግሞ 6,378,137 ሜትር ነው፤ ከዚህ ልዩነት ይበልጥ ግን ነጥብን በመቶ ሜትሮች የሚያርቀው የሁለቱ ማእከል አለመገጣጠሙ ነው። በመጀመሪያ ለፋይሉ ትክክለኛውን ዳተም ሰየምንለት፤ ይህ ቁጥሮቹን አይነካም። ቀጥሎ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ለወጥነው፤ ይህኛው ቁጥሮቹን አስልቶ ይቀይራል። ጉድጓዶቹም በምስሉ ላይ ቦታቸውን ያዙ።

እውነቱን ለመናገር ጉተታውም ለዓይን ይበቃ ነበር፤ በጠባብ አካባቢ የዳተም ልዩነት ከቦታ ቦታ እምብዛም ስለማይለያይ ካርታው የተስተካከለ ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው መምሰሉ ነው። በእጅ የተጎተተ ሌየር ምን ያህልና ለምን እንደተነሣ የሚመሰክርለት ነገር የለውም፤ ከእርሱ የሚሰላ ርቀት ሁሉ ማንም ሊያረጋግጠው በማይችል እጅ ላይ ይመሠረታል።

ደብዳቤው አልተላከም፤ የመስክ ሠራተኞቹን ይቅርታ የጠየቀም የለም። የጀማሪዎች ሥልጠና ዛሬም በቀለምና በምልክት ምርጫ ተጀምሮ ዳተም ላይ የሚደርሰው በመጨረሻው ቀን ነው። ስለዚህ አጠገቤ ለሚቀመጥ ጀማሪ ሁሉ፣ ካርታ ከመሥራቱ በፊት፣ የፒአርጄ ፋይልን እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍቶ ማንበብን አሳየዋለሁ።